በአውቶቡስ ሰዓት የተለካችው ኮሎምበስ

በአቶ ዘርይሁን ቀብር ቀን፣ ልጃቸው ሰብለ ከሣጥኑ ራስጌ ቆማ ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ኤደን የእናቷን ቦርሳ ይዛ ከጎኗ ቆማለች። ቄሱና ዲያቆኑ በምሥራቅ በኩል ነበሩ። የፍሬም ሱቅ ባለቤቱ ሚስተር ዋልተር ጉልበታቸው ስለማይችል ከዛፉ ሥር በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ጸሎቱ ሲጀመር ግን እንደምንም ተነሥተው ግንዱን ተደግፈው ቆሙ። ኡበር የሚነዳው ጌታሁን ከሁሉም ኋላ፣ ከመኪናው አጠገብ፣ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። የማኅበራችን ሰዎች በግራና በቀኝ ነበሩ። እኔ ከግርጌ ነበርኩ። ቦታውን መርጬ አይደለም፤ ዘግይቼ ስለደረስኩ ነው።

አቶ ዘርይሁን ምትኩ ባለፈው መስከረም፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በከተማችን በኮሎምበስ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር በሚገኘው የልጃቸው ቤት ዐርፈዋል። በስልክ ያልደረስናችሁ ወዳጆቻቸው ካላችሁ፣ መርዶውን ከዚህ ጽሑፍ በመስማታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሰብለ ለአርባቸው የሚነበብ ነገር እንድጽፍ ስትጠይቀኝ እምቢ ብዬ ነበር። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ከደብዳቤ ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በለቅሶው ላይ የሰማሁት ወሬ ነው። አንዱ ለሌላው፣ «ያቺ የኮሎምበስ ካርታቸው ተሳስታለች እኮ፤ ምን ያድርጉ፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር» ሲል ሰማሁ። በሰዓቱ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልናገር። የጋሼ ዘርይሁን እጅ አልተሳሳተም። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ይህን ታሪክ ሳይስቁ ተናግረውት አያውቁምና አትዘኑበት።

ጋሼ ዘርይሁን በአገር ቤት በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበሩ። በሱዳን አድርገው እዚህ ሲመጡ በዚያ ሙያ የሚቀጥራቸው አላገኙም። ሃያ አራት ዓመት ዳውንታውን በሚገኝ ፓርኪንግ ጋራዥ፣ መውጫው ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሠሩ። ብዙዎቻችሁ ያወቃችኋቸው እዚያ ነው። መንገድ የጠፋው ሐበሻ ሁሉ ወደ እሳቸው ይላክ ነበር። እሳቸውም የተበላሸ ቲኬት ገልብጠው በጀርባው ላይ መንገዱን ይነድፉለታል። የመንገድ ስም አይጽፉም፤ አዲስ ሰው እንግሊዝኛውን አንብቦ እስኪጨርስ አውቶቡሱ ያልፋል ይሉ ነበር። በምትኩ የሚታየውን ይሥላሉ፤ ቀይ የጎማ ምልክት፣ ሁለት ጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ የሚጮህ ውሻ። ውሻው ከሞተ ከዓመታት በኋላ እንኳ ያንን ቲኬት በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ።

ሚስተር ዋልተርን ያገኟቸውም በዚያው መውጫ ላይ ነው። ሚስተር ዋልተር ክሊንተንቪል፣ ሃይ ስትሪት ላይ፣ ፍሬም የሚሠራና ከመዳብ ሰሌዳ የታተሙ ጥንታዊ ሥዕሎችንና ካርታዎችን የሚሸጥ ሱቅ አላቸው። አንድ ቀን ክፍያ ሊከፍሉ መስኮት ሲያወርዱ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ የአቢሲኒያ አሮጌ ካርታ ተደግፎ ነበር። ጋሼ ዘርይሁን አንገታቸውን አውጥተው አዩትና በእንግሊዝኛ፣ «ጌታዬ፣ ሐይቁ ቦታውን ስቷል» አሏቸው። ሚስተር ዋልተር ሞተሩን አጠፉ። «የቱ ሐይቅ?» ከኋላቸው የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሁለቱ ስለ ጣና ተከራከሩ። ጡረታ ሲወጡ በማግስቱ የሄዱት ወደዚያ ሱቅ ነው። ሥራም ትምህርትም ሆነላቸው፤ መዳብ መቅረጽን የተማሩት እዚያ ነው።

እኔን ያገኙኝ ደግሞ በእድፍ ምክንያት ነው። ከወረርሽኙ በፊት፣ ቅዳሴ ወጥተን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ መጡ።

«እትዬ አማረች፣ እርስዎ የሆስፒታል ላውንድሪ ነው የሚሠሩት አሉ። የሻይ የመሰለ እድፍ ከነጭ ጨርቅ በምን ይወጣል?»

«ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?»

«ሊኖ።»

«እድፉ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት መቶ ዓመት ገደማ።»

የሚያሾፉብኝ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። በሳምንቱ ሱቁ ድረስ ሄጄ አየሁት። ያ ጨርቅ ያሉት የኢትዮጵያ ካርታ የታተመበት ትልቅ ወረቀት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ትሪ ሙሉ ውሃ አለ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ውሃው ሲያወርዱት ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ! ወረቀት እኮ ነው!»

«ወረቀት አይደለም እትዬ፣ የሰው ሸሚዝ ነው» አሉና ሳቁ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ያለቀ የሊኖ ልብስ ተወቅጦ እንደነበር ነገሩኝ። «ሸሚዝ ከነበረ መታጠብ ያውቃል።»

ወረቀቱ ገባ፤ አልፈረሰም። ውሃው ቀስ እያለ የሻይ መልክ ያዘ። ሚስተር ዋልተር ኬሚካል ለመጨመር ብልቃጥ አነሡ። እኔ በሥራዬ የማውቀውን ተናገርኩ፤ አሮጌ ጨርቅ አይቸኮልበትም፣ አይፈተግም፣ ውሃውን ብቻ ደጋግሞ መለወጥ ነው። አምስት ጊዜ ለወጥን። ሲደርቅ ጋሼ ዘርይሁን አውራ ጣቴን ይዘው በወረቀቱ ዳርቻ ላይ አስኬዱት። ዙሪያውን የሚሄድ ዝቅ ያለ መስመር አለ። የመዳቡ ሰሌዳ በማተሚያው ሥር ሲያልፍ ወረቀቱን የረገጠበት ምልክት ነው። «ይህን በጣትዎ ካገኙት እውነተኛ ነው። ካላገኙት የተቀዳ ሥዕል ነው» አሉኝ።

ያንን ካርታ በደንብ አየሁት። ተራሮቹ የጉንዳን ክምር ይመስላሉ። አገሪቱ ወደ ደቡብ ተለጥጣ አፍሪካን ልትጨርስ ምንም አልቀራት። የሠሩት ሰዎች አገሩን እንዳላዩት፣ በከተማቸው ተቀምጠው ከሚያልፍ መነኩሴና ነጋዴ «ከዚህ እስከዚያ የስንት ቀን መንገድ ነው?» እያሉ እንደጠየቁ ነገሩኝ። መነኩሴው የተራመደበትን ይናገራል። ገደል መዞሩን፣ ወንዝ እስኪጎድል መጠበቁን ማን ይነግራቸዋል? እነሱ ቀኑን ሁሉ ርቀት አድርገው ይቀርጹታል። ምንም ያልሰሙበት ቦታ ላይ ደግሞ ዝሆን ያስቀምጣሉ። ጋሼ ዘርይሁን ያንን ዝሆን ይወዱት ነበር። «አላውቅም ከማለት ዝሆን ይሻላል ብለው ነው» ይሉ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ መጋቢት ላይ ሁሉም ነገር ሲዘጋ ሱቁም ተዘጋ። ጋሼ ዘርይሁን ሳንባቸው ጤነኛ ስላልነበረ ከቤት እንዳይወጡ ተከለከሉ። ያኔ ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። የግራው ደግሞ ከመሐሉ መደብዘዝ ጀምሮ፣ ሐኪሙ ዓመት ወይም ዓመት ከመንፈቅ ቢቆይ ነው ብሏቸዋል። የሰው ፊት ለማየት ወደ ጎን ዘንበል ማለት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደወሉልኝ።

«እትዬ፣ እኔ ታስሬአለሁ፣ እርስዎ ይዞራሉ። ልክ እንደነዚያ ሰዎች ልሆን ነው። ዓይኔ ሳይሄድ ኮሎምበስን በመዳብ ላይ እቀርጻለሁ፤ ለአዲስ የሚመጣ ሐበሻ የሚሆን። ያየሁትን ሁሉ እንዳላየሁ እቆጥራለሁ። ሌላ ካርታ አላይም። ተጓዡ እርስዎ ነዎት።»

«ሌላ ሰው አጡ? እኔ መኪና እንኳ አልነዳም።»

«መነኩሴውስ መቼ ነዳ?»

ነገሩ የቤት መቀመጥ ያመጣው ጨዋታ መሰለኝና እሺ አልኩ። የላውንድሪ ሥራ አልተዘጋም ነበር። እኔ ሂልቶፕ ነው የምኖረው። በብሮድ ስትሪት አውቶቡስ ዳውንታውን እወርዳለሁ፤ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወደምፈልግበት እሄዳለሁ። ከቤት መውጣት ላልቻሉ የማኅበራችን እናቶች አስቤዛ አደርስ ስለነበር ከተማውን እዞረው ነበር። ጋሼ ዘርይሁን በየቀኑ ይደውላሉ። ደህና ነዎት አይሉም። የመጀመሪያ ቃላቸው «ዛሬ የት? ስንት ፈጀ?» ነው። እነግራቸዋለሁ። ይጽፋሉ። አንዳንዴ ለሰብለ የሚሆን ነገር ይዤ ስሄድ፣ በረንዳው ላይ ማስክ አድርገው ተቀምጠው፣ ደረጃውን ገና ሳልወጣ «ስንት ፈጀ?» ይላሉ።

ሰብለ ትናደድ ነበር። «አባዬ፣ በናትህ፣ መጀመሪያ ሰላም በላቸው! ሌዲ እኮ ናቸው!»

«አላየሽም እንዴ፣ ደህና ናቸው። በእግራቸው መጥተዋል።»

የሥራ አያያዛቸውን ማንሣት አለብኝ። በአሸዋ የተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ የመዳቡን ሰሌዳ ያስቀምጣሉ። ቡሪን የሚባለውን ቀጭን መቅረጫ፣ እጀታውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ወደ ፊት ይገፉታል። መስመሩ ሲጎብጥ እጃቸው አይዞርም፤ የሚያዞሩት ሰሌዳውን ነው። ከመዳቡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብጫቂ እየተጠቀለለ ይወጣል። ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ሲታተም እንዲቃና። ስለዚህ ፊት ለፊታቸው መስታወት አለ፤ ፊደሎቹን ሁሉ ገልብጦ መጻፍ ከጋራዡ በተረፈ ቲኬት ጀርባ ላይ ወር ሙሉ ተለማምደዋል። ከማጉያ መነጽሩ ሥር በቀረው ዓይናቸው ጎን እያዩ፣ በቀን የጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ይሠራሉ። ሰብለ ሬስት አድርግ ስትላቸው፣ «ዓይኔ ሬስት እያደረገ አይደለም፣ እየሄደ ነው፤ እንሽቀዳደም» ይሏት ነበር። ይህን በምሬት አይሉትም። እሽቅድምድሙ እንደሚያስደስተው ሰው ነበር የሚናገሩት።

ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። በቀጣዩ ግንቦት ክትባት ወስደን፣ ሱቁ ተከፍቶ፣ ለሙከራ አንድ ወረቀት ሊታተም ተሰበሰብን። ሚስተር ዋልተር፣ ሰብለ፣ ኤደን፣ ጌታሁንና እኔ ነበርን። ሰሌዳውን ከቤት በመኪናው ያመጣው ጌታሁን ነው። መንገዱን ሁሉ እንደ አራስ ልጅ ቀበቶ አስሬለት ነው ያመጣሁት ብሏል።

ቀለሙ ተቀባ፣ ተጠረገ፣ እርጥብ ወረቀት ተነጠፈበት፣ የማተሚያው ጎማ ዞረ። ሚስተር ዋልተር ወረቀቱን ከጥጉ ይዘው ገለጡት። ኮሎምበስ ነበረች። ዳውንታውን መሐል ላይ፣ ከእሱ እንደ ሸረሪት እግር ረጃጅም መንገዶች፣ በየዳሩ ሰፈሮች፣ ወንዙ በቀጫጭን መስመር እየተጠማዘዘ። ስሞቹ ሁሉ በአማርኛ። ኤደን «ኢትስ ሶ ቢዩቲፉል፣ ግራንድፓ!» አለች። ጌታሁን ግን አንገቱን አስግጎ ከታች ያለውን የማይል መለኪያ በጣቱ ይለካ ጀመር።

«ቆይ ቆይ ጋሼ። ከሂልቶፕ ዳውንታውን አሥር ማይል? አምስት አይሞላም እኮ! በፍሪዌይ አሥር ደቂቃ ነው። ይሄማ ከኮሎምበስ ወደ ኢንዲያና ስቴት እየወጣን ነው!» እንደገና አጎነበሰ። «ደሞ ይሄ ምንድነው? ዝሆን ነው እንዴ? ቤቴ ላይ ነው እኮ የተቀመጠው!»

«እትዬ አማረች በዚያ በኩል ሄደው አያውቁም» አሉ ጋሼ ዘርይሁን። «ያልተሰማበት አገር ነው።»

«አውቶቡስ ስለማይሄድ ነዋ!»

«ጋብዘሃቸው ታውቃለህ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሆነው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። እሳቸው የነገርኳቸውን ደቂቃ፣ ለአንድ ደቂቃ ሁለት ሚሊሜትር እያሉ፣ ርቀት አድርገው ቀርጸውታል። እኔ ደግሞ ደቂቃውን የምቆጥረው የቤቴን በር ከቆለፍኩበት ነው። ማቆሚያው ላይ የቆምኩትን፣ ዳውንታውን የጠበቅኩትን፣ ጉልበቴን ላሳርፍ የተቀመጥኩትን ሁሉ ጨምሬ። የሚጠይቁኝ አውቶቡሱ የሄደበትን ብቻ እንደሆነ አልጠረጠርኩም። እሳቸውም ሩቅነቱ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ግን ተጓዥን ላለመጠራጠር ቃል ገብተዋል።

የዓመት ከሁለት ወር ሥራ። የቀረው የዓይናቸው ብርሃን ሁሉ የፈሰሰበት። ቦርሳዬን ይዤ ሳልሰናበት ወጣሁ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

«ስንት ፈጀ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ካርታውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቆሜ የጠበቅኩትን ሁሉ ቆጥሬዋለሁ።»

ዘንበል ብለው በዓይናቸው ጎን አዩኝ። «ሁሌም?»

«ሁሌም።»

«ዝናብ ሲዘንብ ከጣሪያ ሥር የቆሙትንም?»

«እሱንም።»

እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እነዚያ ሰዎች ገደሉን መዞር ሳይጠይቁ ቀሩ ብዬ አራት ዓመት ስቄባቸዋለሁ። እኔም ሳልጠይቅ ቀረሁ!» አሉ። ሚስተር ዋልተርን ከጓሮ ጠርተው ነገሯቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ምኑ እንደሚያስቅ ስላልገባኝ እንደቆምኩ ነበርኩ። ሰሌዳውን ሁሉ እንደገና መቅረጽ የማይታሰብ ነው። ዓይናቸው ለዚያ እንደማይደርስ ሦስታችንም እናውቃለን።

ሚስተር ዋልተር ወደ ግድግዳው ሄደው አንድ የጀርመን አሮጌ ካርታ አወረዱና የርቀት መለኪያውን አሳዩን። በማይል አልነበረም። «የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ» ይላል ብለው ተረጎሙልን። ጋሼ ዘርይሁን ጣታቸውን በመለኪያው መስመር ላይ አስኬዱ።

«መስመሩ አልተሳሳተም» አሉ በመጨረሻ። «የተሳሳተው መለኪያው ነው። ማይል ያልኩት እኔ፤ እርስዎ መቼ ማይል አሉ? የሚፋቀው አንድ መስመር ነው።»

«መዳብ ይፋቃል እንዴ?»

«መዳብ ይቅርታ ያውቃል፤ የሚሰጠው ግን በመዶሻ ነው።»

እውነትም በመዶሻ ነበር። ጽሑፉ በመፋቂያ ሲፋቅ ቦታው ይጎደጉዳል። ሰሌዳው ሰንዳን በሚባል የብረት መደብ ላይ ተደፍቶ፣ ቦታው ከጀርባ ተለክቶ፣ ቀስ እየተባለ ይመታል፤ የተጎደጎደው ከፊት እንዲነሣ። ይህን ሚስተር ዋልተር ሠሩ። አዲሱን ጽሑፍ መቅረጽ ግን የጋሼ ዘርይሁን ነው። በዚያ ሳምንት የግራ ዓይናቸው በጣም ደክሞ፣ ከማጉያው ሥር እንኳ የመቅረጫው ጫፍ አልታይ አላቸው። ሚስተር ዋልተር እኔ ልጨርሰው ቢሏቸው፣ «የእትዬን ቃል ሌላ ሰው አይጽፈውም» አሉ። ስለዚህ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በመስታወቱ እያየሁ ልመራቸው ሆነ።

«ወደ ግራ፣ ጋሼ።»

«በማን ግራ? በመስታወቱ ወይስ በእኔ?»

«በእኔ።»

«እርስዎማ ወደየት ነው የተቀመጡት?»

ሁለት ፊደል አንድ ጧት ይፈጅ ነበር። እኔ የምናገረው ቦታውን ብቻ ነው። ጥልቀቱን፣ ግፊቱን፣ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው እጃቸው ነው። ሲጨርሱ በጥፍራቸው ተከትለው ያነቡታል። አሥራ ሁለት ቀን ሠራን። አንድም ጊዜ መቅረጫው አላመለጣቸውም። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። በካርታው ግርጌ ያለውን «ሰዓት በአውቶቡስ፣ መጠበቁን ጨምሮ» የሚለውን የቀረጹት ማየት በማይችሉ ዓይኖች ነው። ከጎኑ በትንሹ «ተጓዥ፦ አማረች» ይላል። ስሜን እንዲተዉት ለምኜ ነበር። «የዚያ መነኩሴ ስም በጠፋው ይብቃ» አሉኝ። ፊደሉን ብቻ እንዲያሳንሱት ተስማማን።

በሐምሌ ታተመ። መስኮቶቹ ተከፍተው ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ጋሼ ዘርይሁን ዳሩን ሊዳስሱ አውራ ጣታቸውን ሰነዘሩ፤ ቀለም የነካ ጣት ነበር። ሚስተር ዋልተር፣ «ዘር! እጅህን ታጠብ! ሃምሳ ጊዜ ነግሬሃለሁ!» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ዘገየ። የጋሼ አሻራ ዳውንታውን ላይ፣ ጋራዡ ባለበት ጥግ ታትሞ ቀረ።

«ተበላሸ?» አሉ።

«ተበላሸ» አሉ ሚስተር ዋልተር።

«እንግዲያው የእትዬ ነው» ብለው ሰጡኝ። ቤቴ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።

ቀሪዎቹ ለማን ለማን እንደደረሱ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው ዓመት በዲቪ የመጡ ባልና ሚስት መኪና እስኪገዙ ድረስ በዚያ ካርታ ከተማውን እንደዞሩት ነግረውኛል። ዌርሃውስ ሥራ ለመግባት በስንት ሰዓት መነሣት እንዳለባቸው በክር ይለኩ ነበር። ስልካቸው ከሚለው ይልቅ ካርታው ልክ ሆኖ አግኝተውታል፤ ስልኩ መጠበቁን ያሳንሰዋል ይላሉ። ጋሼ ዘርይሁን ይህን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ጌታሁንም በነሐሴ አንድ እሑድ መጥቶ ወሰደኝና ቤቱን አሳየኝ። ባለቤቱ ጥሩ ምሳ አቀረበችልን። ስመለስ ለጋሼ ዘርይሁን ደውዬ አየሁት፣ ቤት ነው አልኳቸው። «ዝሆኑስ?» አሉ። አላየሁትም ስላቸው፣ «ምሳ ሰዓት ስለሆነ ወጥቶ ይሆናል፤ ይቆይ» አሉ። ዝሆኑ እንዳለ ነው።

የመጨረሻውን ዓመት ምንም ሳያዩ ኖሩ። አላጉረመረሙም። ኤደን የሱቁን አሮጌ ሕትመቶች ስታመጣላቸው ዳራቸውን ያስዳስሷት ነበር፤ እውነተኛና ሥዕል መለየት አስተምረዋታል። አሁን ከሚስተር ዋልተር ቀድማ ትለያለች ይባላል። ከመሞታቸው አራት ቀን በፊት ስሄድ ተኝተው ነበር። የደረጃውን ድምፅ ሰምተው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ስንት ፈጀ?» አሉ። ነገርኳቸው። «ዛሬ ቀንቶዎታል» አሉኝ።

በቀብሩ ቀን ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ ወደየመኪናው ሲሄድ ጌታሁን መጣ።

«እትዬ፣ ራይድ ልስጥዎት። በፍሪዌይ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ስመጣ ቆጥሬ ነው የመጣሁት። ስመለስም መቁጠር አለብኝ» አልኩት። ክርክር አላነሣም። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔ ጥቂት ቆየሁ። ያልኳቸው ይህን ነው።

«ጋሼ ዘርይሁን፣ ዛሬ አልጠየቁኝም፤ ልንገርዎ። ከቤቴ እስከ ማቆሚያው ስድስት ደቂቃ በእግር። አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። እስከ ዳውንታውን ሃያ አራት። እዚያ ዘጠኝ ጠበቅኩ፤ በጋራዥዎ በኩል አለፍን። ወደ ሰሜን አርባ አንድ። ከዚያ እስከ እርስዎ አሥራ ሁለት በእግር። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ከአርባ ሦስት ነው። መጠበቁን ጨምሬአለሁ። እንደ መለኪያዎ ከሆነ ከሰሌዳው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወጥተዋል። ግን እዚህ ቦታ ዝሆን አያስፈልግም፤ መጥቼ አይቼዋለሁ። ሣሩ ጥሩ ነው፣ ዛፍም አለ። በደህና ይረፉ። አውቶቡሱ ሊደርስ ነው።»

ቦርሳዬን አነሣሁና ወደ ማቆሚያው ሄድኩ።